ደረቅ ምርቃት

ጋሽ ፈድሉ ወደ ቤዝቦል የገቡት በጓሮ በር ነው። ላስ ቬጋስ፣ ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር ያለው አፓርታማቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበረና፣ ከሰገነቱ ሆነው ሲያዩ ከመኪና ማቆሚያው ባሻገር በሽቦ የታጠረ ሜዳ ፊት ለፊታቸው ተዘርግቷል። የሥራ ሺፍታቸው የማታ ስለነበረ ከሰዓት በኋላው የራሳቸው ነው። ሻያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ክርናቸውን ብረቱ ላይ አስደግፈው ያያሉ። የሚያዩትም ይህን ነበር፦ አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ አንዱ ዱላ ይዞ ይጠብቃል፤ የቀሩት ሁሉ ቆመው ይተፋሉ።

መዳፋቸው ላይ ይተፋሉ። ጓንታቸው ውስጥ ይተፋሉ። ወርዋሪው ኳሱን ሲያገላብጥ ቆይቶ እትፍ ይልበታል። ባለዱላው ወደ ቦታው ከመግባቱ በፊት መሬቱን በእግሩ ይጭርና በግራም በቀኝም እትፍ፣ እትፍ ይላል።

ጋሽ ፈድሉ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሐይቅ ዳር ተወልደው፣ ጎልማሳነታቸውን በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያሳለፉ። በአገራቸው ሽማግሌ መርቆ ሲያበቃ በተመራቂው ራስ ላይ እትፍ እትፍ ይላል፤ ምርቃቱ የሚያዘውም ያኔ ነው። ያለ እትፍታ የተሰጠ ምርቃት ክዳን እንዳጣ ድስት ነው፤ ሙቀቱ ተንኖ ያልቃል። እንግዲህ በዚህ ዕውቀት የታጠቀ ሰው ያንን ሜዳ ሲያይ ምን ሊል ይችላል?

«እነዚህ ፈረንጆች እግዜርን የሚፈሩ ናቸው» አሏት አንድ ቀን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ጽጌወይን። «እንዲህ እርስ በርሱ ሲመራረቅ የሚውል ሕዝብ አይቼ አላውቅም።»

ወይዘሮ ጽጌወይን በሰገነቱ በር ብቅ ብላ አየች። «የሱፍ ልጣጭ ነው የሚተፉት፣ አንቱ ሰውዬ።»

«ልጣጩማ ሰበብ ነው!»

እሷ የደሴ ክርስቲያን፣ እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ በወሎ ወግ ከአንድ ጣሪያ ሥር ዱዓም ጸሎትም ሲደርስ ኖሯል። በዚህ በሱፍ ልጣጭ ነገር ግን ሳይስማሙ ዓመታት አለፉ።

የጋሽ ፈድሉ ሥራ በአንድ ካዚኖ ወለል ላይ እየዞሩ የሲጋራ መተርኮሻ ማራገፍና የተረሳ ብርጭቆ መልቀም ነበር። በዲቪ ከመጡ ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቁም። በቁማር ማሽኖቹ ፊት የተኮለኮሉትን አሮጊቶች ሲያዩ ሆዳቸው አይችልም፤ «ይቅናሽ እናቴ፣ ይሙላልሽ» እያሉ በልባቸው ይመርቃሉ። በሥራ ቦታ መትፋት ነውር ስለሆነ ሳይተፉ ነው የሚመርቁት። አንዲትም አሮጊት ስታሸንፍ አላዩም። ይህም ለእሳቸው በቂ ማስረጃ ነበር።

በፈረንጆቹ 2020 መጋቢት ኮቪድ ገብቶ ካዚኖዎቹ ሁሉ ተዘጉ። ቀን ከሌት ተከፍተው የኖሩ በሮች ነበሩና፣ ለአንዳንዶቹ ቁልፍ እንኳ ጠፋላቸው እየተባለ ተቀለደ። ጋሽ ፈድሉም ከሥራ ቀሩ፤ ቤት ሲገቡ ደግሞ ልጃቸው ሄራን ጠበቀቻቸው። ሄራን በሕፃንነቷ መጥታ እዚሁ ያደገች ናት፤ ነርስነት ትማራለች፣ በአንድ ክሊኒክም በረዳትነት ትሠራለች። በዚያ ሰሞን የሳኒታይዘር ጠርሙስ ወገቧ ላይ አንጠልጥላ፣ እንደ ባለሽጉጥ ነበር የምትንጎራደደው።

«አባዬ፣ እርስዎ እኮ ሃይ ሪስክ ነዎት። ከቤት አይውጡ፤ ቲቪ ይዩ፤ ሪላክስ ያድርጉ።»

«ሪላክስ አድርጌ ስጨርስስ?»

«እንደገና ሪላክስ ያድርጉ።»

ሳሎን ውስጥ አንድ ግራጫ ሶፋ ነበር፤ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ የተቀመጠበትን ሰው ቀስ እያለ የሚውጥ ዓይነት። ጋሽ ፈድሉ ያንን በጋ በሶፋው ሆድ ውስጥ አሳለፉት። እንኳን ሰው ሊመርቁ ሰላም የሚሉትም አጡ። ወይዘሮ ጽጌወይን ትራሶቹን ልታራግፍ ስትመጣ፣ «ይነሱ እንጂ፤ ወይስ እርስዎንም አብሬ ላራግፍ?» ትላቸዋለች። መነሳቱ ግን ቀላል አልነበረም። ጉልበታቸው ተረሳስቶ፣ ሐሳባቸውም እንደ ሶፋው ስፖንጅ መበስበስ ጀምሯል። «ሰው የሚሞተው በበሽታ ብቻ አይደለም» አሉ አንድ ቀን፤ የሰማቸው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነበር።

ሜዳውም ባዶውን ከረመ። ነፋስ የነዳው እሾህ አጥሩ ሥር ተከመረ፤ ወርዋሪው ይቆምበት የነበረው ጉብታ አረም አበቀለ። በኅዳር መጨረሻ አንድ ጠዋት ጋሽ ፈድሉ ከሶፋው በቆረጠ ልብ ተነቅለው ወጡ፤ መጥረጊያ ይዘው በአጥሩ ቀዳዳ ሾለኩና እሾሁን መልቀም ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። በሳምንቱ አንድ ቀጭን ፈረንጅ ሽማግሌ መጥቶ አጥሩ አጠገብ ቆመ።

«ማን ነህ አንተ?»

«ጎረቤት ነኝ።»

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ሶፋ እየሸሸሁ ነው።»

ሽማግሌው ሬይ ይባላል፤ በሜዳው የሚጫወተው የስፕሪንግ ቫሊ እንሽላሊቶች የተባለ ቡድን አሠልጣኝ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በካዚኖ ካርታ ሲያድል ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ሶፋን መሸሽ ምን እንደሆነ እሱም ያውቀው ነበርና፣ ሜዳውን የሚጠብቅ ሰው ሊጉ ሲፈልግ የጋሽ ፈድሉን ስም አስገባ። በ2021 የካቲት ቁልፍ፣ ኮፍያና ረጅም የውሃ ጎማ ተሰጣቸው። ሄራን ብዙ ተከራክራ ፈቀደች፦ ማስክ ከአፍ አይወርድም፤ ከሰው ሁለት ሜትር መራቅ ነው፤ አንዲት ስሕተት ከተገኘች ወደ ሶፋ።

ሬይ የሊጉን ታሪክ የነገራቸው አብረው ጉብታውን ሲደለድሉ ነው። የደረቅ ወንዝ ሊግ ይሉታል፤ ከሜዳው ጀርባ ዓመት ጠብቆ ውሃ በሚያይ የኮንክሪት ቦይ የተሰየመ። የተጀመረው፣ ሬይ እንደሚምለው ከሆነ፣ የሁለት ሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኞች ሽርሽር ሄደው ኳስ ሲጫወቱ ነው። የተሸነፉት «ፀሐይ ዓይናችንን ወግታን ነው» ብለው ድጋሚ ጠየቁ፤ በድጋሚው ሌሎቹ ተሸነፉና «ነፋስ ነው» አሉ። ፀሐይና ነፋስ በማይጠፋበት በረሃ እንዲህ ያለ ክርክር አያልቅምና፣ አርባ ዓመት ዘለቀ።

ቡድኖቹ አራት ነበሩ። እንሽላሊቶቹ ካርታ አዳዮች፣ ወጥ ሠሪዎችና መኪና አቋሚዎች ናቸው፤ ከጨዋታ ወደ ሺፍት፣ ከሺፍት ወደ ጨዋታ የሚሮጡ። አንዱ አዳይ የሥራ ሰደርያውን እንደ ለበሰ ኳሷን ከአጥር አሻግሮ፣ ቤዝ የሚሏቸውን አራት መርገጫዎች በሙሉ ሮጦ፣ የመጨረሻዋን ረግጦ ሳይቆም በበሩ ወጥቶ መኪናውን አስነስቶ እንደሄደ ዛሬም ይወራል። የኢንተርፕራይዝ ሰፈር ግንበኞች አዲሶቹን ሰፈሮች የሚሠሩ አናጺዎች ናቸው፤ ሲናደዱ እንኳ እጃቸው አያርፍም፤ የተቃራኒውን ቡድን አግዳሚ ወንበር ይጠግናሉ። «አንተም» የሚባለው የሀብታም ሰፈር ንስሮች ከኮረብታው ይወርዳሉ፤ የራሳቸው ቫን፣ አንድ ዓይነት ቦርሳ፣ በበረዶ የተሞላ ሳጥን አላቸው። አራተኛው ቡድን ጊንጦቹ ነበሩ፤ በመዘጋቱ ዘመን አሠልጣኛቸው ማልያውን ሰብስቦ ቴክሳስ ስለገባ፣ ቡድኑም በዚያው ቀረ።

«ይከፈላቸዋል?» አሉ ጋሽ ፈድሉ።

«ግማሽ ፕሮፌሽናል ናቸው» አለ ሬይ። «ክፍያው የመምጫ ቤንዚን ይሸፍናል። መመለሻውን ራሳቸው ይችላሉ።»

ሊጉ ሲከፈት ሕግ ይዞ ተከፈተ። እጅ መጨባበጥ የለም። የሱፍ ፍሬ የለም። መትፋት ደግሞ በጭራሽ የለም፤ የተፋ ተጫዋች ከጨዋታ ይወጣል፤ የተፋ ሠራተኛ አንድ ማስጠንቀቂያ ይሰጠውና በሁለተኛው ይሰናበታል። ይህን የምታስከብር ሚስ ዳርሊን ተሾመች፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ሁለት ማስክ ደራርባ በላዩ የፕላስቲክ መከለያ የምታጠልቅ ሴት። ፊሽካም ነበራት። ለመንፋት ግን መከለያውን ወደ ላይ፣ ማስኮቹን ወደ ታች ማድረግ ነበረባትና፣ ሬይ ባያት ቁጥር «እዚህ ሜዳ ላይ ምራቅ የሚወጣው ካንቺ ፊሽካ ብቻ ነው» ይላታል።

ጋሽ ፈድሉ ደነገጡ። ማታ ራት ላይ ለወይዘሮ ጽጌወይን፣ «ምርቃት በሕግ ሲከለከል በዓይኔ አየሁ» አሏት። ቀጥሎ የሆነውም ያንኑ የሚያጸና ነበር፦ እንሽላሊቶቹ በተከታታይ መሸነፍ ጀመሩ። ኳስ ከጓንታቸው ያመልጣል፤ ዱላቸው አየር ይቀዝፋል። ንስሮቹም ግንበኞቹም አለመትፋታቸውን ጋሽ ፈድሉ ነገሬ አላሉትም።

ከሁሉ የባሰው ዮፍታሄ ነበር። ወላጆቹ የጎንደር ሰዎች ሲሆኑ እሱ እዚሁ ተወልዶ፣ ቀን ዩኒቨርሲቲ ይማራል፣ ማታ በሆቴል በር ላይ የእንግዳ መኪና ያቆማል። ትከሻው እንደ በር ሰፊ ነው፤ በዚያ ወር ግን አንዲት ኳስ አልነካም። አንድ ቅዳሜ ተራው ሳይደርስ፣ ጎማ ሲጠቀልሉ ወደነበሩት ወደ ጋሽ ፈድሉ መጣ።

«ጋሽ ፈድሉ፣ ጨርሻለሁ። ኳሱ… አይ ሚን፣ እየመጣ አየዋለሁ፣ ከዛ የለም። ፕሊስ፣ እርስዎ ትንሽ ሄልፕ አድርገኝ።»

«እኔ ምን አውቄ?»

«እናቴ ወሎዬዎች ምርቃት ያውቃሉ ትላለች።»

ጋሽ ፈድሉ ጎማውን መሬት ጣሉት። አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ምርቃት ጠይቋቸው አያውቅም። «ቆብህን አውልቅ» አሉት። አወለቀ። «ጎንበስ በል።» ጎነበሰ። እጃቸውን ዘርግተው፦

«ዓይንህን ያጥራልህ!»

«አሜን።»

«ክንድህን ያጽናልህ!»

«አሜን።»

«የመጣብህን ኳስ ከአጥር ማዶ ያሻግርልህ!»

«አሜን፣ አሜን!»

ከዚያ በኋላ እጅ ራሱ የለመደውን ሠራ። ማስኩ ወረደ፤ እትፍ፣ እትፍ። ማስኩ ወጣ።

ዮፍታሄ ሄዶ የመጀመሪያዋን ኳስ መታት። ኳሷ አጥሩን አለፈች፣ መኪና ማቆሚያውን አለፈች፣ የጋሽ ፈድሉን ሰገነት ብረት አንኳኳች። ወይዘሮ ጽጌወይን ወጥታ፣ «ማነው እሱ ባለጌ!» ስትል በሜዳው ሁሉ ተሰማ። እንሽላሊቶቹ በጩኸት ዘለሉ። በዚያ ጩኸት መሐል ግን የሚስ ዳርሊን ፊሽካ ተነፋ።

«ሚስተር ፈድሉ፣ ተፍተዋል?»

«አልተፋሁም። መረቅሁ።»

«ምራቅ ወጥቷል?»

ጋሽ ፈድሉ መዋሸት አይችሉበትም። «ትንሽ። ለወጉ ያህል።»

ማስጠንቀቂያው በዚያው ተሰጣቸው። ሁለተኛው ስንብት ነው።

ይህ ሁሉ በሜዳው ቢቀር ደግ ነበር። ከተጫዋቾቹ አንዱ ግን በስልኩ ቀርጾት፣ ምርቃቱንም ኳሷንም አያይዞ ለቀቀው፤ ቪድዮው በላስ ቬጋስ ሐበሻ ስልክ ሁሉ ዞሮ ማታ ሄራን እጅ ገባ። ሶፋው ፊት ለፊት ቆማ አጫወተችው። «እትፍ እትፍ» የምትለዋን ቦታ ሁለቴ መለሰቻት።

«ይኼ ማነው?»

«ከሩቅ ስለሆነ አይለይም» አሉ ጋሽ ፈድሉ።

«አባዬ! እኔ በቀን ስንት በሽተኛ እያየሁ፣ ቦርድ ፈተና እየደረሰብኝ፣ ስለ እርስዎ ልጨነቅ?»

«ክትባቱን ወስጃለሁ እኮ።»

«ክትባት ሰው ላይ እንዲተፉ ፈቃድ አይደለም! አንዴ ከደገሙት አበቃ። ዳርሊን ባታባርርዎት እኔ አባርርዎታለሁ።» ሶፋውን በጣቷ አሳየቻቸው። ሶፋውም አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ መሰላቸው።

በቀጣዩ ጨዋታ እንሽላሊቶቹ በሙሉ፣ ነጩም ጥቁሩም ሜክሲኮውም፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ጎማው አጠገብ ተሰለፉ። ቤዝቦል ተጫዋች ሲቀናው የለበሰውን ካልሲ እንኳ አያጥበውም፤ እንዲህ ያለ ሰው ኳስ ከአጥር የሚያሻግር፣ ሆምራን የሚያወጣ ሽማግሌ አግኝቶ ዝም አይልም። ጋሽ ፈድሉ ዓይናቸውን ወደ ዳርሊን ወርወር እያደረጉ፣ ማስካቸውን አጥብቀው፣ ሁሉንም በየተራ መረቁ። እትፍታውን ግን ዋጡት።

እንሽላሊቶቹ በዚያ ቀን የተሸነፉት ሽንፈት በአርባ ዓመት ታሪካቸው ታይቶ አይታወቅም።

«ጋሽ ፈድሉ፣ ያኛው ወርክ አላደረገም» አለ ዮፍታሄ በኋላ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ደረቅ ምርቃት ነዋ። ምን ላድርግህ ልጄ?»

«ትንሽዬ እትፍ? ዳርሊን ባላየችበት?»

«ዳርሊን ባታይ ስልካችሁ ያያል!»

እንሽላሊቶቹ የፍጻሜ ጨዋታ የደረሱት እንግዲህ በምርቃትም በጉልበትም አይደለም። ግንበኞቹ ግማሾቹ በኮቪድ ተይዘው ኳራንቲን ገቡ፤ ቡድን መሙላት አቃታቸው፤ ከሦስት ቡድን የቀሩት ሁለት ሆኑ። «ታሪካችን ይኸው ነው» አለ ሬይ። «ሌላው ሲወድቅ እኛ እንነሳለን።»

ከፍጻሜው በፊት በነበረው ሐሙስ የንስሮቹ ቫን ሜዳው በር ላይ ቆመ። አሠልጣኙ ወርዶ፣ በበረዶ የቀዘቀዘ ጭማቂ ለጋሽ ፈድሉ አቀበለና፣ ቪድዮውን እንዳየ ነገራቸው።

«እኛንም ብትመርቀን?»

«እናንተ ቫን አላችሁ» አሉ ጋሽ ፈድሉ። «ምርቃት ምን ያደርግላችኋል?»

«ልጆቹ ፈርተዋል። እንሽላሊቶቹ ጠንቋይ አላቸው ይላሉ።»

ጋሽ ፈድሉ በጭማቂው ሊታነቁ ነበር። «ጠንቋይ? እኔ ፈድሉ ጠንቋይ?»

በዚያ ማታ እንቅልፍ ራቃቸው። በወሎ ምርቃት የጠየቀን ሰው ባዶውን የሚሸኝ ሽማግሌ፣ ረገመ እንጂ ዝም አለ አይባልም። አሁን ሁለት ቡድን ሙሉ ሰው ጠይቋቸዋል። ሳይተፉ ቢመርቁ ደረቁን ሰጥተው ማታለል ነው። ቢተፉ ሜዳው፣ ቁልፉ፣ የጠዋት አቧራው፣ የሬይ ወሬ፣ ሁሉም ይቀራል፤ የሚቀራቸው ሶፋው ነው።

«ምን ያገላብጥዎታል?» አለች ወይዘሮ ጽጌወይን።

«የምተፋበት አጣሁ።»

«መታጠቢያ ቤት አለ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የፍጻሜው ቀን በሰኔ መጀመሪያ ሆነ። ፀሐዩ የመኪና መሪ የሚያስለቅቅ ዓይነት ነበር። ሚስ ዳርሊን ታጣፊ ወንበሯን ከጋሽ ፈድሉ የውሃ ቧንቧ አጠገብ ተከለችና ተቀመጠች፤ ተጫዋቾቹን ትታ እሳቸውን ብቻ ልታይ እንደመጣች ግልጽ ነበር። ሄራንም ጃንጥላ ይዛ አጥሩ ጥግ ቆማለች። «ልደግፍዎት ነው የመጣሁት» አለች። ጋሽ ፈድሉ ዘበኛ ሲያዩ ያውቃሉ።

ዮፍታሄ በአጠገባቸው ሲያልፍ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «ጋሽ ፈድሉ፣ ዋን ታይም። ፕሊስ» አለ። ከወዲያ በኩል የንስሮቹ አሠልጣኝ ቆቡን ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

ጋሽ ፈድሉ ወደ ሥራቸው ዞሩ። ከጨዋታ በፊት አቧራው እንዲረግብ መሬቱን ማርጠብ የእሳቸው ሥራ ነው። ቧንቧውን ከፈቱ፤ ውሃው እየተንፏቀቀ መጣ፤ ራቅ ብሎ እንዲረጭላቸው እንደ ልማዳቸው የጎማውን አፍ በአውራ ጣታቸው ሸፈን አደረጉት። ጎማው፦ እትፍፍፍ አለ።

ጋሽ ፈድሉ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጣታቸውን አነሱ፤ መለሱ። እትፍፍፍ። ማስካቸው ሥር ያለው ፊታቸው ምን እንደመሰለ ማንም ባያይም፣ ጆሮዎቻቸው ወደ ኋላ ሲሳቡ ሄራን ከሩቅ አየች። ከልጅነቷ ጀምሮ ያንን ታውቀዋለች፤ አባቷ ተንኮል ሲያስቡ ነው።

«ኑ!» ብለው ተጣሩ። «ሁላችሁም! ሁለታችሁም!»

እንሽላሊቶቹ በአንደኛው መስመር፣ ንስሮቹ በሌላኛው ተሰለፉ። ቆብ ወለቀ። ሬይ ራሱ መላጣውን ገለጠ። ጋሽ ፈድሉ በግራ እጃቸው ጎማውን አጠፍ አድርገው ውሃውን ያዙት፤ ቀኛቸውን ዘረጉ፤ ማስካቸውን እንደታጠቁ ድምፃቸውን ለቀቁት። ዮፍታሄ «አሜን በሉ» ሲላቸው ሁሉም በየቋንቋቸው ተቀበሉ፦

«የወረወረ ትከሻው አይዛል!»

«ኤይመን!»

«የመታ ዱላው አይሰንጠቅ!»

«ኤይመን!»

«የሮጠ ጉልበቱ አይክዳው!»

«ኤይመን!»

«ያሸነፈ አይታበይ፤ የተሸነፈ አያኩርፍ!»

«ኤይመን!»

«ሰው ሜዳ አይጣ፤ ሜዳም ሰው አይጣ!»

ቀጥለው የታጠፈውን ጎማ ለቀቁና፣ አውራ ጣታቸውን አፉ ላይ ደፍተው ወደ ላይ አነሱት። እትፍፍፍ! በግራ። እትፍፍፍ! በቀኝ። ውሃው በፀሐዩ ውስጥ ተበትኖ በሁለቱም ቡድን ራስ ላይ ወረደ። በዚያ ቃጠሎ የደረቁ ጎልማሶች አፋቸውን ከፍተው፣ ደረታቸውን ሰጥተው፣ እንደ ሕፃን ጮኹ። ጋሽ ፈድሉም ከዓመት በላይ የዋጡትን እትፍታ ሁሉ በአንዴ አወጡት፤ ማቆሙን ረሱት።

ሚስ ዳርሊን ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሳች። መከለያውን ወደ ላይ፣ ማስኮቹን ወደ ታች አድርጋ ፊሽካውን አፏ ውስጥ ከተተች። ጎማው ያኔ በዚያ በኩል ሲያልፍ ነበር።

ፊቷ ላይ ውሃ ይወርዳል። ፊሽካው ጉርርር ብሎ ውሃ ተፋ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች።

«ውሃ» አሉ ጋሽ ፈድሉ። «የቧንቧ ውሃ። ሥራዬ ማርጠብ ነው። ማስኬ ይኸው፣ አልወረደም።» የእሷን ማስክ አገጯ ላይ ተሰብስቦ አዩት፤ ጨዋ ስለሆኑ ምንም አላሉም።

ሬይ ግን ጨዋ አልነበረም። «ዳርሊን፣ የተፋው ፊሽካሽ ነው። አስጠንቅቂው።»

ሚስ ዳርሊን ሕጉን በልቧ ከላይ እስከ ታች መረመረች፤ ጎማ የሚል አጣችበት። ፀሐዩን አየች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወደዚህ አንገቴ በኩል ትንሽ ይጨምሩ» አለች።

ጨዋታው ተጀመረ፤ ጥሩ ጨዋታም ነበር። ሁለቱም ቡድኖች ልብ አግኝተው፣ አንዱ ሲያገባ ሌላው እየመለሰ እስከ መጨረሻው ዙር ተያይዘው ደረሱ። እንሽላሊቶቹ በአንድ ነጥብ ተመርተው ሳለ ተራው የዮፍታሄ ሆነ። ኳሷን በኃይል መታት፤ ከአጥሩ ግርጌ ወደቀች። አንደኛውን ቤዝ ረገጠ፣ ሁለተኛውን ረገጠ፣ ሦስተኛውን ረግጦ ወደ መጨረሻዋ ገሰገሰ። ኳሷም ተመልሳ እየመጣች ነበር። ዮፍታሄ በደረቱ ተወረወረ።

ያ ቦታ ግን ጋሽ ፈድሉ ቆመው ሲመርቁ የዋሉበት ቦታ ነበር። ጭቃ ሆኗል። ዮፍታሄ በጭቃው ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራተተ፤ ቤዟን በአንድ ክንድ ርቀት በጎን አልፏት፣ ሳይነካት፣ ዳኛውን እግሩን ጠልፎ ጥሎ፣ እስከ አጥሩ ዘለቀ። የንስሮቹ ኳስ ያዥ ተራምዶ ሄዶ፣ ትከሻውን በኳሷ ነካ አደረገው፤ ቤዟን ሳይረግጥ በኳስ የተነካ ደግሞ ወጥቷል። አለቀ።

ዋንጫው ወደ ኮረብታው ሄደ።

ዮፍታሄ ከጭቃው ቀና ሲል ዓይኖቹ ብቻ ይታያሉ። «ጋሽ ፈድሉ!» አለ። «በዛ! ምርቃቱ በዛ!»

ጋሽ ፈድሉ በሕይወታቸው እንደዚያ አልደነገጡም። በምራቅ እንዳይባረሩ ሲጠነቀቁ ከርመው በውሃ ሊባረሩ ነው። ጎማውን እንደያዙ ወደ ሬይ ሄዱ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ቁልፉን ልስጥህ?»

ሬይ ጭቃውን አየ፤ ዮፍታሄን አየ፤ ሆዱን ይዞ አጥሩን ተደገፈ። «አርባ ዓመት» አለ፣ ትንፋሽ ሲያገኝ። «አርባ ዓመት በፀሐይና በነፋስ ስናመካኝ ኖርን። አዲስ ምክንያት አመጣህልን፣ ወንድሜ! ድጋሚ ጨዋታ እንጠይቃለን። ሰኞ ጠዋት ና፤ ጭቃውን እንደለድላለን።»

ከኋላው ሚስ ዳርሊን ፊሽካዋን እያራገፈች አለፈች። «ለመትፋት ሕግ አለን» አለች። «ለጭቃ የለንም። ለከርሞ ግን ከወንበሬ በኩል ይጀምሩ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ የሄራን ፀጉር እርጥብ ነበር፤ ጃንጥላውን አልዘረጋችውም ነበርና። ሳሎን ሲገቡ ጋሽ ፈድሉ በልማድ ወደ ሶፋው አዩ። ቦታ አልነበረበትም። የሄራን መጻሕፍት ከዳር እስከ ዳር ተኝተውበታል፤ ሰኞ ፈተናዋ ነው።

«ቁጭ የምልበት የለማ» አሉ።

«ሜዳ አለዎት አይደል?» አለች። ትንሽ ቆማ ከኩሽናው በኩል እናቷ አለመኖሯን አየች፤ ማስኳን አወለቀችና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ አባቷ ፊት ቆመች። «አባዬ፣ ለፈተናው። ጎማ ግን አልፈልግም።»

ጋሽ ፈድሉ ግራ ገባቸው። «ደረቁን ነው?»

«ኖ! ትክክለኛውን። ቶሎ ይበሉ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።»

መረቋት። ረጅም ምርቃት ነበር፤ ጥያቄው ሁሉ ያነበበችው እንዲሆን፣ እስክሪብቶዋም እንዳይደርቅ፣ የፈታኞቹም ልብ እንዲራራ። ሲያበቁ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው፦ እትፍ፣ እትፍ።

«አሜን» አለች ሄራን። ቀና ሳትል በቀስታ እጇን ወደ ወገቧ ሰደደች፤ ጠርሙሱን አወጣች፤ ሁለት ጠብታ መዳፏ ላይ አድርጋ ግንባሯን ጠረገች።

ጋሽ ፈድሉ አላዩም። ኮርኒሱን ሲመረምሩ ነበር።